በባዶ እጅ የማይነካው ኪሎ

ሽማግሌው ከነጋ ጀምሮ ቤቱን ሲያምሰው ነበር። የስኳሩን ዕቃ ያነሳል፣ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ «ይጎድላል» ብሎ ያስቀምጣል። የገዛ ጫማውን አንስቶም ይጎድላል አለ። መጨረሻ ላይ የሴት ልጁን ቦርሳ ያዘ።

«አታለውዎታል፣ እመቤቴ» አላት፤ «ይጎድላል።»

ልጁን ከረሳት ከርሟል። እንደ እንግዳ አንቱ ሲላት አንጀቷ ቁርጥ ይላል።

«አባዬ፣ እባክህ ተቀመጥ!»

«ሁሉ ነገር ጎድሎ እንዴት ልቀመጥ?»

የአገሩ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በአንድ ክፍልና በአንድ ጠረጴዛ ሲከፈት የመጀመሪያው ሠራተኛ እሱ ነበር። ከዚያ በፊት ኪሎ ማለት ሻጩ ኪሎ ነው ያለው ድንጋይ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ቧንቧና የሌላው መጋጠሚያ ዓይንና ናጫ ነበሩ። እሱ ነው ዋናውን ኪሎ ከባሕር ማዶ እንደ አራስ ታቅፎ ያመጣው። ዛሬ በየገበያው ያለ ሚዛን ሁሉ ዘሩ ቢቆጠር የሚደርሰው እዚያች የብረት ቁራጭ ላይ ነው። ስለዚህ በባዶ እጅ አትነካም፤ የጣት ወዝም ክብደት አለው። አንድ ሚኒስትር ሊጎበኝ መጥቶ እጁን ቢሰድ፣ እሱ የሚኒስትሩን እጅ መታ አድርጎ መልሶታል። የመሥሪያ ቤቱ የምሥረታ በዓል መጽሔት ይህን አልጻፈም፤ ፈሪ ሁሉ!

አሁን ኪሎውን የምትጠብቀው ልጁ ናት። በአባቷ ገባች የሚሉ አሉ፤ እነሱ የመግቢያ ፈተናውን ይሞክሩትና እናያለን።

ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ያብከነክናት ነበር። ምናልባት የሚፈልገው እሱን ኪሎ ቢሆንስ? አንዴ ቢይዘው ያርፍ ይሆናል። ችግሩ ጓንት አይለብስም፤ ቢያጠልቁለት ጉንዳን እንደገባበት ሰው አውልቆ ይጥለዋል። በባዶ እጁ ከነካው ደግሞ ኪሎው እንደገና ሊመሳከር ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ እሷም ከሥራዋ ትባረራለች። ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ኮቱን አለበሰችው።

መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነበር። በዘበኛው በኩል አልፈው ወደ ኪሎው ክፍል ገቡ። መጀመሪያ ለማስተማሪያ የተሠራውን መንትያውን ሰጠችው። ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ይጎድላል።»

«ይሁን፣ የመጣው ይምጣ» አለች በሆዷ፤ የዋናውንም የመስታወት ክዳን አነሳች። ሽማግሌው ጠጋ አለ። እጁን ዘረጋ። ጣቱ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው፣ ሳታስበው የእጁን አንጓ ቀጭ አድርጋ ያዘችው።

«በባዶ እጅ አይነካም!»

ጩኸቷ ራሷን አስደነገጣት። ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣችው ለዚህ ነበር እንዴ? አሁን እንደ ሕፃን ያለቅሳል ብላ ፈራች። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። የያዘችውን እጁን አየ፣ ከዚያ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ሽማግሌው በሌላው እጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የያዘችውን እጁን አላስለቀቀም።

«እንግዲያው አልጎደለም» አለ።