ከመንገድ የሚታየው ጎን

የግንባታ ድርጅታችንን ሥራ አስኪያጅ በሌለበት «አቶ ሪባን» ነበር የምንለው። ሪባን ሳይቆርጥ የዋለ ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። የሠራተኛውን መጸዳጃ ቤት ሲያስመርቅ ንግግሩ ከመርዘሙ የተነሳ ከፊት የቆመው አናጢ እግሩን አጣምሮ ላብ በላብ ሆነ፤ መቀሱ ሪባኑን ገና ሲነካ አናጢው በሥሩ ሾልኮ ገባ። ካሜራማኑ የደስታ ሩጫ መስሎት አነሳው።

ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም። ሲያመሰግኑት እጁ ይፈታል፤ ምስጋና የሌለበት ነገር ግን ዓይኑ ውስጥ አይገባም። ለሰፈሩ የውሃ ቦኖ አስተከለ፣ ትምህርት ቤቱን ቀለም አስቀባ። ለፎቁ መሠረት በቆፈርነው ገደል አፍ ላይ የቀሩትን አራት ቤቶች ግን እንደ ድንጋይ ነበር የሚያልፋቸው። አንዱ የእህቴ ነው። የመኝታ ቤቷ ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። የሥራ አስኪያጁ መኪና ባለፈ ቁጥር ከደጃፏ ትፍ ትልበታለች።

መሐንዲሷ «ዝናቡ ሳይገባ አፈሩን የሚይዝ ግንብ ካልሠራን ቤቶቹ ይወርዳሉ» ብላ ለመነችው።

«መሬት ውስጥ የሚቀበር ነገር ማን ያየዋል?» አላት።

እህቴ ዕቃዋን ሸክፋ ከባሏ ጋር ወደ አማቷ ቤት ልትሄድ ተነሳች።

«ትንሽ ታገሺ፣ እትዬ። ሰውየውን ለኔ ተይው» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ወሬህ ሲሚንቶ አይሆን!»

እኔ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ሊጎበኝ ሲመጣ አቧራውን የማረጥበው እኔ ነኝ። በመጣ ዕለት እንደ ልማዳችን አዲሱ ሄልሜት ታደለ፤ እሱ ሲሄድ ተሰብስቦ የሚቆለፈው ማለት ነው። ቦቴዬን አቁሜ ጠጋ አልኩት።

«ጌታዬ፣ የወንዝ ማዶው ድርጅት አለቃ ለሰፈሩ ሰው ግንብ ቢሠራለት፣ ስሙን በትልልቅ ፊደል ቀረጹበት አሉ። ከአውሮፕላን ይነበባል! ፓይለቶቹ ዝቅ እያሉ ሰላም ይሉታል።»

«ከአውሮፕላን?» ዓይኑ በራ።

«ምን በወጣኝ እዋሻለሁ!»

በማግስቱ ግንቡ ታዘዘ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ የሸከፈችውንም ፈታች። እኔም ደረቴን ነፍቼ በሰፈሩ ተንጎራደድኩ።

ሥራው ግን ከቤቶቹ በኩል አልተጀመረም። ስሙ የሚታየው ከመንገዱ በኩል ነዋ! መሐንዲሷ «አደጋው ያለው ወዲያ ነው!» ብላ ብትጮህ «ከምረቃው በኋላ» አላት። ብረቱም ሲሚንቶውም ወደ ፊደሎቹ ሄደ። እህቴ ስትጠይቀኝ «ተራሽ ደርሷል» አልኳት።

ዝናቡ ምረቃውን ቀደመው። ጧት ባሏ ዳቦ ሊገዛ በወጣበት፣ ቤቱ እህቴን እንደያዘ ገደል ገባ። ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲያራግፍ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። እኔ ቦቴዬ ውስጥ ሆኜ «የምን ጅል ነው በዚህ ዝናብ ጠጠር የሚያመጣው?» ብዬ ተሳድቤአለሁ።

ለቅሶው ላይ አቶ ሪባን ከነካሜራማኑ መጣ። እንባው የእውነት ነበር። መሐንዲሷ በሹክሹክታ «ሦስቱ ቤቶች ዛሬም ሰው አለባቸው፤ በአንዱ አራስ ተኝታለች። መሄጃ የለንም ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ይሰማሃል» አለችኝ።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጌታዬ፣ እህቴ እንዴት ትወድዎት እንደነበር ቢያውቁ! ፎቶዎን ከጋዜጣ ቆርጣ ራስጌዋ ለጥፋው ነበር። ‹እኔ ባልኖር እንኳ ለጎረቤቶቼ እሱ አለላቸው› ትል ነበር። ፎቶዎም አብሯት ወረደ።»

ተንሰቀሰቀ። እዚያው ስልኩን አውጥቶ ማሽኖቹ በሙሉ ወደ ቤቶቹ በኩል እንዲዞሩ አዘዘ።

ቀና ስል የእህቴ ባል ከኋላችን ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ጋሼ…» አልኩት።

«አሁን በሷም ትዋሽባታለህ?»

ከወዲያ በኩል የማሽን ሞተር ሲነሳ ሰማን። ባሏ ጋቢውን ሰብስቦ ከለቀስተኛው ሁሉ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። አልተከተልኩትም።