ከልቦለዱ የቀደመ ለቅሶ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድም ሳይቀር እውነት ነው። ከዋሸሁ ባጃጄ ጢቾ መንገድ ላይ ትገልበጥ፤ ሰው ሳልጭንባት ብቻ። አሰላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን መሐላ ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። የጭላሎ ጅብ ባጃጄ ላይ ተሳፍሮ ገበያው ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አለኝ ብዬ ያስወራሁት እኔው ይበልጣል ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ አከራይዋ ራሄል በቴሌግራም ሰው ሰበሰበች። ኅዳር ከባተ እስኪወጣ እያንዳንዳችን አንዳንድ ልቦለድ ጽፈን እንጨርሳለን፤ ጥቅምት ደግሞ የመዘጋጃ ወር ነው። «ባዶ እጃችሁን ኅዳር እንዳትገቡ» አለችን። «ታሪካችሁን አስቀድማችሁ ለሰው አውሩት። ሰሚው ካልተነካ ገና አልበሰለም ማለት ነው።»

ጎረቤቴ ከዲሮ፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ መመዝገቤን ሲሰማ በሳቅ ወደቀ።

«አቦ ተወን። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርክ ሰውዬ ምን ልትጽፍ ነው?»

«ሁለቴ የተማርኩት ጠንቅቄ ልወቀው ብዬ ነው።»

«እስቲ መጀመሪያ አንድ ሰው በወሬህ አስለቅስ። እስካሁን ያስለቀስከው ተሳፋሪ ብቻ ነው።»

ያኔ እትዬ ፋናዬ ትዝ አሉኝ። የሰፈራችን ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ የሬዲዮ ድራማ ሰምተው የሚያለቅሱ ሆደ ቡቡ። ገበያ ሳይወጡ ልድረስባቸው ብዬ፣ ጎህ ሲቀድ ከዲሮንና ወዳጃችንን ይስሃቅን ምስክር ይዤ ሄድኩ። የጥቅምት ብርድ ነው፤ ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበናል።

በሩን ከፍተው አዩን። «ምነው፣ በደህና?»

«ደህና ነው እትዬ። እስቲ ይቀመጡ» አልኳቸው። ሳቄ እንዳያመልጠኝ አንገቴን ደፋሁ። ይስሃቅም ደፋ።

«አንድ ልጅ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። «ለእናቱ አንድ ብቻ። የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ የጅቡቲን መንገድ ያዘ።»

የእትዬ ፋናዬ ልጅ ሌዊም የከባድ መኪና ረዳት ነው። ከመስቀል ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እሱን አላሰብኩም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ታሪኩን የቆረስኩት ከሱ ነው። ከራስ ከመፍጠር የሰው መውሰድ ይቀላል።

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እኔ ደግሞ፣ ለመጻፍ ይከብደኛል፣ ደስ አለኝ። ከዲሮን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ማቆም ሲገባኝ ጨመርኩበት፤ መኪናውን ገደል አፋፍ አደረስኩት፣ ጭጋግ አለበስኩት፣ ፍሬኑን በጠስኩት።

እትዬ ፋናዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ቀስ ብለው «የት ቀበራችሁት?» አሉኝ።

«ያ ረቢ» አለ ከዲሮ።

ከሁሉም ዘግይቶ የገባኝ እኔ ነኝ። በማለዳ ሦስት ሆኖ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «አንድ ልጅ ነበር» እያለ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። መርዶ ነጋሪ ነው እንዲህ የሚመጣው።

«እትዬ፣ ልቦለድ ነው። ፈጠራ ነው፤ ለኅዳር ያዘጋጀሁት።»

«ዕድሜህን ሙሉ ዋሽተህ፣ ዛሬ እውነት ይዘህ ብትመጣ ደግሞ ልትደብቀኝ ነው?»

ይህን ብለው ጮኹ። ወዲያው ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ግቢውን ሞላው። እኔ በየሰዉ ጆሮ «ኧረ ውሸት ነው» እላለሁ፤ ሰዉ ደግሞ «አይዞህ፣ ማርዳት ከባድ ነው» እያለ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል።

የሌዊ ስልክ ዝግ ነው። ከዲሮ ጎማ ለሚያስጠግኑት ሹፌሮች ሁሉ እየደወለ፣ ረፋዱ ላይ ሌዊ የሚሠራበትን መኪና ሹፌር አገኘው። ሌዊ ለካ ስልኩን ተሰርቆ ኖሯል።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

እትዬ ፋናዬ አላመኑም። «ጠባሳህ የት ጋ ነው?»

«ጉልበቴ ላይ ነዋ፣ ከአጥር ወድቄ። ምን ነካሽ?»

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ያለቀሱት ከጠዋቱ ይብሳል። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እያንዳንዱ ነጠላውን እያቃና በአጠገቤ አለፈ። ልወጣ ስል እትዬ ፋናዬ ጠሩኝ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው «ይቅር ብዬሃለሁ። ያን ልጅ ግን በመጽሐፍህም ቢሆን እንዳትገድለው» አሉኝ።

አሁን ኅዳር ገብቷል። ራሄል «ጀመርክ ወይ?» ብላ ጽፋልኛለች። ልጁ እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ወደፊት መንዳት አልሆነልኝም፤ ወደ ቤቱ መመለሱንም አላወቅሁበትም።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። አንዷን ግን ጨምሬያለሁ። እትዬ ፋናዬ ይቅር አላሉኝም፤ ራሴንም አልነኩኝም። ስወጣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ዛሬም ሽንኩርታቸውን የሚጭኑት በሌላ ሰው ባጃጅ ነው።