ፋብሪካው ሲነቀል

ተናኜ አዲስ አበባ ዳር ካለው የሞባይል መገጣጠሚያ ፋብሪካ እስክንጠራችሁ እረፍት ውጡ ተብላ ቆቦ አባቷ ቤት ከገባች ሰንበት ብላለች። መንግሥት ተሠርቶ በሚገባ ስልክ ላይ ቀረጥ ሲጨምር፣ እዚህ ለሚገጣጠመው ሲቀንስ ነበር የባሕር ማዶው ኩባንያ የመጣው። እሷም ስክሪን ከመግጠም ተነስታ የመስመር ኃላፊ ሆነች። ኋላ ዶላር ጠፋ፤ መለዋወጫው ከውጭ መምጣቱን አቆመ፤ ሠራተኛው ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ ይውል ጀመር።

ከአባቷ ከገብረ ማርያም ጋር ማሽላ እየቆረጠች ሳለ የፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሰላም ደወለችላት። ኩባንያው ግብር ወደማይጠይቀው፣ ዶላርም ወደማይቸግርበት ሌላ አገር ሊሄድ ነው፤ ማሽኖቹ እየተነቀሉ ነው። እዚያ ያሉትን አዲስ ሠራተኞች እንድታሠለጥን ተናኜን ይፈልጓታል።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የለም፣ ተናኜ። እኔም ማሰናበቻዬን ይዣለሁ።»

አባቷ ጥፋቱ የመንግሥት ነው ወይስ የፈረንጆቹ ብለው ጠየቋት።

«እንጃ አባዬ። የሁለቱንም ስሰማ ልክ ይመስለኛል። እኔ ደክሞኛል።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሮቢት ወረደች። ተናኜ ራሷ ፋብሪካ ያስገባቻት፣ እንደሷው እረፍት የወጣችው አሲያ እዚያ ነበረች። አሲያ ፓስፖርት አውጥታ ጅዳ ልትሄድ ስትል፣ ትንሽ ታገሺ፣ መጠራታችን አይቀርም ብላ ያስቀረቻት ተናኜ ናት። አሁን ግን እንደማይጠሩ ነገረቻት።

አሲያ አልተቆጣችም። «አልሐምዱሊላህ፣ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል» አለችና፣ አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ሥራችንን ለሌሎች እንዳስተምር ነው የሚፈልጉኝ። እምቢ ልል ነው።»

«ሂጂ» አለች አሲያ። «እነሱም እንደኛው የሰው ልጆች ናቸው። በብየዳው ጣታቸውን እንዳያቃጥሉ አሳዪያቸው።»

አሲያ ቀድማ ጅዳ ሄደች። ተናኜም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች፤ እሷ የሄደችው ግን ወደ አዲሱ ፋብሪካ ነው። ማሽኖቹን ገና ስታያቸው አወቀቻቸው። አንድ ቀን ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ኩባንያው እናንተ አገር ምን ያህል ቆየ ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀቻት። ተናኜ እውነቱን ነገረቻት፤ ቀረጡ እስካዋጣውና ዶላር እስካለ ድረስ ብቻ መቆየቱን። ልጅቱ ጥቂት አሰብ አደረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።