እንቢተኛዋ እርሾ

ቤተ ሙከራው ውስጥ «ደላላዋ» ይሏታል፤ ሥራዋ እርሾን ከእርሾ ማጋባት ነውና። አንዲት የእርሾ ሕዋስ በዓይን አትታይ እንጂ ሁለት ዓይነት ናት። እያንዳንዷ የራሷን ጠረን ትለቃለች፤ የሌላዋ ጠረን ሲደርሳት ሹል አፍንጫ የመሰለ ነገር አውጥታ ወደዚያው ትሳባለች፤ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ የሚያዛቸው ዘረመላቸው፣ ጂናቸው ነው።

አንዷ ግን አሻፈረኝ አለች። ደላላዋ አምስት ወር ሙሉ ጥንድ ብትቀያይርላት፣ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ብታደርግላት፣ ወይ ፍንክች። ብቻዋን ትባዛለች እንጂ ወደ ማንም ዞር አትልም።

«ድፊያት፤ የማይሆን ነገር ነው» አሏት አለቃዋ።

እሷ ደግሞ እልኸኛ ናት። የእርሾዋን ጂኖች አስመረመረች፤ የጠረን መቀበያውን የሚሠራው ተበላሽቶ ተገኘ። ጤነኛውን ቅጂ ከሌላ እርሾ ወስዳ አስገባችላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። እርሾዋ አፍንጫዋን አውጥታ ከጎረቤቷ ጋር ተጣብቃለች።

«መጣችልኝ» አለች፣ ዞር ብላ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። አንድ ሰው እንኳ ይይልኝ ብላ ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ሄደች፤ በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል።

ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ፣ ነገር ካልተፈጠረ ስለማትደውል።

«ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ። ያቺ እንቢ ያለችኝ አገባችልኝ።»

«ማን?»

«እርሾዋ።»

ሳቀ። «እኔ ደግሞ አንቺ ያገባሽ መስሎኝ ደስታ ሊገድለኝ ነበር።»

አብራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ከወዲያ በኩል ሚስቱ ስትጠራው፣ ሰሃን ሲንኳኳ ይሰማታል።

«እንግዶች አሉብኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

ፎቶ አነሳች፣ መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ እጇን ታጠበች፣ ስልኩን አየች። አልደወለም።

የደወለው እሑድ ረፋድ ላይ ነው።

«ትናንት ረሳሁሽ፤ ይቅር በዪኝ። ለመሆኑ ያቺ እርሾ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ነክቷት ነው?»

ስለ ሥራዋ እንዲህ ጠይቋት አያውቅም።

«ጠረኑ አይደርሳትም ነበር» አለች። «ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

«ምስኪን። አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ሰሞኑን ብቅ እላለሁ።»

ሰሞኑን ማለት መቼ እንደሆነ እሱ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ፎቶውን ቆመው አዩና «ጎበዝ» አሏት። ወዲያው አልጋባ ያለች ሌላ እርሾ የያዘ ጠርሙስ አቀበሏት። ጓንቷን አጠለቀች።