የቀኙ ዓምድ

ሥራዬ ሁለት አገር ማወዳደር ነው፤ የእኛንና የጎረቤታችንን። ግብሩን፣ ትምህርቱን፣ ጤናውን በሠንጠረዥ አሰፍራለሁ፤ በግራ እኛ፣ በቀኝ እነሱ። ታዲያ በቢሯችን ያልተጻፈ ደንብ አለ። እነሱ አጉል የበለጡን ቦታ ላይ ስንደርስ በቀኙ ዓምድ «መረጃ አልተገኘም» ብለን እናልፋለን። ማንም አይቆጣ፣ ማንም አያፍር። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ደመወዝ የበላሁት በዚሁ ነው።

አምና የኩላሊት እጥበት ረድፍ ደረሰኝ። እኛ ዘንድ አንድ ሕመምተኛ በሳምንት አንዴ ይታጠባል። እነሱ ዜጎቻቸውን ሦስቴ ያጥባሉ፣ ያውም በነጻ። ወረቀታቸው እጄ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ «መረጃ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴን ኩላሊቷ ከዳት። ሐኪሟ አልደበቀኝም፤ «በሳምንት አንዴ ብዙ አያቆያትም» አለኝ። ማሽን የሚያስጨምረው የበጀት ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚያየው የእኔን ሠንጠረዥ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃችን ሮጥኩ። ከጀርባው «አቶ ይቆይ» እንለዋለን።

«ጌታዬ፣ ይቺን ረድፍ ላስተካክላት። መረጃው ነበረኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ከነበረህ ለምን አልተገኘም አልክ? ሰነዱ እኮ ታትሞ ጸድቋል። ኮሚቴውም ትናንት ወስኗል። ጎረቤት ምን እንደሚያደርግ ስላልታወቀ የማሽኑ ነገር ለሁለት ዓመት ይቆይ ተብሏል።»

«እህቴ ናት የታመመችው» አልኩት።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ በላይ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። እኔም ተቀመጥኩ። ያን ቀን ራሴን እንደጠላሁት ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። እህቴ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባላት ብሎ በካልሲ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ሹሙ መጣ!» ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ስቀመጥም፣ «እስቲ አንተ አዋቂው ንገረኝ» አለች። «ድንበር ማዶ እንደኔ ያለውን ሰው በሳምንት ስንቴ ያጥቡታል?»

ሦስቴ ብላት ቀሪ ዕድሜዋን ቆርጬ መንገር መሰለኝ። አንዴ ብዬ ልዋሻት ደግሞ አፌ አልታዘዝ አለ።

«መረጃ የለኝም» አልኳት።

«አይ ወንድምዬ» ብላ ሳቀች። «ታዲያ እዚያ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?»