አልሰማሁም ማለት ነውር ነው?

በባሕር ማዶ፣ ፊንስበሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሎዛን የማያመሰግን ሰው አልነበረም። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይላሉ። ልጅቱ መስማት ሳትችል ነው የተወለደችው፤ በሕፃንነቷ በቀዶ ሕክምና ኢምፕላንት የሚሉት የመስሚያ መሣሪያ ውስጥ ጆሮዋ ገብቶላት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ መሣሪያ አድርጋ ትሰማለች። እናቷ ሮማንወርቅ ምስጋናውን ስትሰማ ልቧ በደስታ ይሞላል። የየትኛዋ እናት ልብ አይሞላም?

አንድ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሻይ ይዞ ሲንጫጫ፣ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ወልደንኪኤል ጎንበስ ብለው «ስንተኛ ክፍል ገባሽ፣ ልጄ?» አሏት።

ሎዛ ፈገግ ብላ እጅ ነስታ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

እሳቸው «ተባረኪ!» ብለው አለፉ። ሮማንወርቅ ሻይዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚባለውን ሁሉ የምትለቃቅም ልጅ ይህን እንዴት ሳትሰማ ቀረች?

ቤት ገብተው ጸጥ ሲል ጠየቀቻት።

«ማሚ፣ እዚያ ድምፁ ሁሉ ይደባለቅብኛል። የማን ድምፅ የቱ እንደሆነ አይለይልኝም።»

«ታዲያ አልሰማሁም አትዪም?»

«ትልቅ ሰው ድገምልኝ አይባልም ብለሽኝ የለ?»

እናት እውነትም እንዲያ ብላለች። ያ ሁሉ የተመሰገነ ጨዋነት ለካ አለመስማት ኖሯል! ሮማንወርቅ በራሷ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። «እኔው አስተምሬሻለሁ፣ እኔው ሽሬዋለሁ!» አለች።

ሎዛ ትንሽ ማይክሮፎን አላት። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ኮሌታዋ ላይ ስትሰካው፣ ድምፁ ጫጫታውን አልፎ በቀጥታ የልጅቱ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ቀን ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ የልጆች ጥያቄና መልስ ውድድር ደርሷል፤ ሎዛ ለመግባት ቋምጣለች። አዘጋጁ ጋሽ ወልደንኪኤል ናቸው።

«ይከብዳታል፣ ቁጭ ብላ ትመልከት» አሉ።

«ትገባለች!» አለች ሮማንወርቅ።

«ብትወድቅስ?»

«የሌላውም ልጅ ይወድቃል፣ ጋሼ!»

በውድድሩ ቀን ወንበሩ ይንኳኳል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ያስተጋባል። ሮማንወርቅ ትንሿን ማይክሮፎን ሎዛ እጅ ላይ አስቀመጠችና «ለጋሼ አንቺው ትሰጪያቸዋለሽ። እኔ ከዚህ አልነሣም» አለቻት።

የሎዛ ተራ ደረሰ። ጋሽ ወልደንኪኤል ጠየቁ። ሎዛ ፈገግ አለች፤ ያቺ የድሮዋ ፈገግታ። ከዚያ ወደ እናቷ አየች። ሮማንወርቅ ተነሥታ ልትጮህላት ምንም አልቀራት፤ ወንበሯን ጨብጣ ቀረች።

ልጅቱ ብድግ ብላ ሽማግሌው ፊት ቆመች። «ይቅርታ ጋሼ፣ አልሰማሁም።»

«ይኼ ትልቁ ማይክሮፎን እያለ? ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«ትልቁ አይበቃኝም። ይሄንን ኮሌታዎ ላይ ያድርጉልኝና ይድገሙልኝ።»

ከኋላ አንዷ «ምነው፣ ምነው!» አለች። የሮማንወርቅ ፊት ጋለ፤ ቢሆንም ንቅንቅ አላለችም። ጋሽ ወልደንኪኤል ልጅቱን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ማይክሮፎኗን ኮሌታቸው ላይ ሰኩ።

«ዮናስ በዓሣ ሆድ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?»

ሎዛ ዐይኗ በራ። «አርባ ቀን!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «አርባ ቀን ቢቆይማ ምኑ ይተርፍ ነበር፣ ልጄ? ሦስት ነው» አሉ ጋሽ ወልደንኪኤል፣ እሳቸውም እየሳቁ። ሎዛም ሳቀች።

ሮማንወርቅ እልልታውን አቀለጠችው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ኣብረኸት ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ልጅሽ እኮ ተሳሳተች!»

«አዎ!» አለች ሮማንወርቅ እንባዋን እየጠረገች። «ሰምታ ነዋ የተሳሳተችው!»