ሻሼና የቅቤው ቅል

«ሌባዋን ያዝኳት! በእጄ ያዝኳት! ድረሱልኝ!»

ረሺዳ ጩኸቱን ስትሰማ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ነበር። ደንበኛዋን እዚያው ገትራ፣ የእንጨት ሜትሯን እንደ ጦር ሰብቃ፣ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ጎረቤቷ ግቢ ገባች። ሌባ በአንድ ምት ጥላ ስሟን በደምበጫ ልታስጠራ ነበር ሐሳቧ። ያገኘችው ግን እትዬ አሰገደችን ብቻ ነው፤ ድመቷን በማጅራቷ አንጠልጥላ።

«ሌባዋስ?» አለች ረሺዳ እያለከለከች።

«ይቺውልሽ!»

«ሻሼ?»

«ሌላ ባለጭራ ሌባ አለ እንዴ በዚህ ግቢ?»

ረሺዳ ሜትሯን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች። እሷ ለሰው ነበር የመጣችው።

ሻሼ ግራጫ ድመት ናት። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ሻሽ ያሰረች ባልቴት ያስመስላታል፤ ስሙም የወጣላት ለዚሁ ነው። በስም የአሰገደች ናት፤ በሆዷ ግን የሁለት ቤት ልጅ። ሁዳዴ ሲገባ አጥሩን ተሻግራ እነ ረሺዳ ቤት ሥጋ ሥጋ ትላለች፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀን ቀኑን ወደ አሰገደች ትመለሳለች። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም ተደርቦ ሲመጣባት ሁለቱንም ደጃፍ ዞራ አየችና፣ የሰውን ነገር ትታ ወደ አይጧ ተሰማራች። ሰነፍስ አይደለችም።

የአሁኑ ክስ እንዲህ ነው። አሰገደች በቅበላ ዕለት የፍስኩን ዕቃ አጣጥባ ከጾሙ ዕቃ ስትለይ፣ ሁለት ኪሎ ቅቤ በቅል አድርጋ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍና፣ በሲባጎ ቋጥራ ቆጥ ላይ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ዞር ብላም አላየችው። በሁዳዴ ቅቤ ማን ይነካል? ለፋሲካ አራት ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ዕለት ብታወርደው ግማሹ የለም። ከቅሉ አጠገብ ደግሞ ሻሼ ተጎልታ ጢሟን ትልሳለች።

«ቅቤ ሲከርም ይበስላል እንጂ ይጎድላል እንዴ?» አለች አሰገደች። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ! በዚህ ቤት ጾም የማያውቅ እሷ ብቻ ናት። እኔ ጾመኛ። ባሌ አወቀ ጾመኛ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው! ሌላ ማን አለ? በቃ፣ እንዳላማውን ጠርቼዋለሁ፤ በባጃጁ አማኑኤል ከተማ ድረስ ወስዶ ይጥልልኛል።»

ጆንያው ደጃፉ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ረሺዳ አማኑኤል መንገድ ዳር፣ ማንም በስሟ የማይጠራት ሻሼ ታየቻት።

«እትዬ አሰገደች፣ ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባል የለ? እስቲ መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ ሲያወርዱት ሲባጎው ተፈትቶ ነበር?»

«ኧረ ምን ተፈትቶ! ጥርቅም ብሎ ታስሮ በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

«እሺ፣ ድመት ቋጠሮ ትፍታ እንበል። ልሳ ስትጠግብ ደግሞ ጨርቁን አልብሳ፣ ሲባጎውን መልሳ ቋጠረችው?»

አሰገደች ግን በዚህ የምትረታ አይደለችም።

«ድመት እኮ ጉዷን መቅበር ታውቅበታለች» አለች።

ይህን ጊዜ እንዳላማው የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። «ተሳፋሪዋ የታለች?» ሲል አሰገደች ወደ እሱ ዞረች፤ እጇም ላላ። ሻሼ ለዚህ ነበር የምትጠብቀው፤ ሹልክ!

ሌባ ብትሆን ወደ አጥሩ ሽንቁር በበረረች። እሷ ግን ጭራዋን እንደ መቋሚያ ቀጥ አድርጋ፣ ግቢውን በእርጋታ አቋርጣ፣ የጭድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሁለት ጊዜ ቧጠጠችው። ከዚያ ዞር ብላ ሦስቱንም አየቻቸው፤ ምስክር እስኪቀርብለት እንደሚጠብቅ ዳኛ።

«ክፈቱ እያለች ነው» አለች ረሺዳ።

«አይጥ ሸትቷት ነዋ!»

«ይሁና። አይጡን እንየው።»

በሩ ሲከፈት ሻሼ ከጭዱ ጀርባ፣ በአሮጌ ጋቢ ወደተሸፈነ ነገር ሄደች። ራሷን በጋቢው ሥር ከታ ትልስ ጀመር፤ ምላሷ እንደ ሞረድ ሲፍቅ ይሰማል። ረሺዳ ጋቢውን ገለጠችው። የጋሽ አወቀ ኮርቻ ነው። አምና እንደ በጋ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቆ የነበረው ቆዳ አሁን ያብረቀርቃል፤ ሲነኩት እንደ ጥጃ ጆሮ ይለሰልሳል። ረሺዳ ጣቷን አሻሽታ አሸተተች።

«ቅቤ» አለች።

ጢሟን ያስላሳት ቅቤ ከዚህ ነው። ያቺ ድመት ኮርቻውን አሽትታ፣ ሽታውን ተከትላ ቆጥ ላይ ወጥታ፣ ከቅሉ አጠገብ ቁጭ ብላ ባለቤቱ እስኪያስተውል ጠብቃለች። ሰው ሊያገናኘው ያልቻለውን ጫፍና ጫፍ አገናኝታ፣ ለውለታዋ ጆንያ ተዘጋጀላት። ረሺዳ በልቧ ማሻ አላህ አለች።

«ይቺማ ማዕረግ ይገባታል!» አለ እንዳላማው። ተሳፋሪ ማጣቱንም የረሳ መሰለ።

አሰገደች ግን ኮርቻውን እያየች ሌላ ሒሳብ ገብቷታል። ጋሽ አወቀ አምና ከፈረስ ወድቆ ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ ሁለተኛ ኮርቻ ላይ እንዳይወጣ አስምላዋለች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ሰርግ አለ፤ ሙሽራውን በፈረስ አጅቦ ሊሸልል ኖሯል!

ጎንበስ ብላ ሻሼን አነሳቻት፤ አሁን በማጅራቷ ሳይሆን በሁለት እጇ። ከነጩ ግንባሯ ላይ ጭዱን እፍ አለችላት።

«እንዳላማው፣ ጆንያውን እጠፍልኝ። ይቺ የትም አትሄድም» አለች። «ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ኖራለች።»

ጋሽ አወቀ ከቤተ ክርስቲያን የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ከስግደቱ ብዛት ግንባሩ አፈር ይዟል። ሰሙነ ሕማማት ነውና ሰላምታ የለም፤ እሱም ዝም ብሎ ገባ። የጭድ ቤቱን መከፈት፣ የጋቢውን መገለጥ፣ የሚስቱን ፊት ተራ በተራ አየ።

«አንተ ሰውዬ» አለች አሰገደች፣ «በሁዳዴ? ቅቤ?»

«በአፌ አልዞረም! እግዜር ያውቃል!» አለ እጁን ወደ ላይ እያነሳ። «መጀመሪያ ዘይት ሞክሬ ነበር፤ ቆዳው አልቀበል አለኝ። ጾሜን አልነካሁም አሰገደች። ጣቴን እንኳ አልላስኩም፤ ቀብቼ በጨረስኩ ቁጥር እጄን በሳሙና ነው የታጠብኩት።»

አሰገደች ሻሼን እያሻሸች ቀና ብላ አየችው።

«ቅቤው የእኔ፤ ሳሙናውስ የማን ነበር?»